ሳጥኑ አያድግም

ሰኞ፣ ጥር 18

ሰይፉ ሳጥኔን በእግሩ ገፋው። በእጁ ቢገፋው እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ወልድያ አትክልት ተራ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። «ይሄ የዳቦ ሳጥን ነው» አለ። ጫኝና አውራጆቹ ሳቁለት። ደላላ ሲቀልድ መሳቅ የሥራቸው አንድ ክፍል ነው። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፦ «ዙበይዳ፣ አንቺ ጎበዝ ነጋዴ ነሽ፤ አናጢነቱን ለአናጢ ተይው። በዚህ ያመጣሽው ቲማቲም እኔ ጋ አይራገፍም።»

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ሳጥኔን አነሳሁ፣ አቧራውን በሻርፔ ጫፍ ጠረግኩ፣ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ሲሪንቃን ካለፍን በኋላ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ፦ ሰይፉ፣ የኔ የዳቦ ሳጥን ከሆነ ያንተ የሬሳ ሳጥን ነው። ከላይ ያለው ቲማቲም ከታች ያለውን ይገድለዋል።

ከግራናና ከመርሳ ዙሪያ ቲማቲም ገዝቼ ወልድያ መላክ ከጀመርኩ ቆየሁ። የሚላከው በሰይፉ የእንጨት ሳጥን ነው። ገበሬው የሚሸጠውም በሳጥን እንጂ በኪሎ አይደለም። ስጀምር የሳጥኑ ቁመት ከጉልበቴ በታች ነበር። ከዚያ አንድ ጣውላ ተጨመረበት። ከዚያ ሌላ። ዋጋው ግን ያው «የአንድ ሳጥን» ነው። ሳጥኑ በየዓመቱ ያድጋል፣ ገበሬው ባለበት ይቆማል፣ ከሥር ያለው ይፈርጣል። ባዶው ሲመለስ ደግሞ መኪናውን ሙሉ ይይዘዋል። ሹፌሩ ጌታቸው ከወልድያ መርሳ ድረስ አየር ጭኖ ይመጣል።

የኔ አጭር ነው። ግድግዳው ወደ ታች ጠበብ ስለሚል ባዶ ሲሆን እንደ ሻይ ብርጭቆ አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል። አፉ ላይ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉት። ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ላያቸው ላይ ሌላ ሙሉ ሳጥን ይሸከማሉ፤ ከሥር ያለው ቲማቲም አይነካም። ወደ ውጭ ሲታጠፉ መንገድ ይለቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ክረምቱን ሙሉ ካርቶን ስቆርጥና ስለጥፍ የከረምኩት ለዚህ ነው። ጎረቤት «ዙቤ ምን ነካት» ሲል ነበር።

ያለኝን ሁሉ እንጨትና ብረት ላይ አዋልኩት። ከሐጂ ይማም ማሳ ቲማቲም ልገዛ ተነጋግረናል፤ ቀልቷል፣ ሌላ ሳምንት አይጠብቅም። ወልድያ ካልተቀበለኝ መሄጃ የለኝም።

ቅዳሜ በኔ ሳጥን እገባለሁ። ጻፍኩት እንግዲህ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አሰፋ ዛሬ ሊያባርረኝ ምንም አልቀረውም።

አሰፋ አናጢ ነው፣ አብሮ አደጌ። ሱቁ መርሳ መናኸሪያው ጀርባ ነው። ጠዋት የተሠሩትን ባዶ ሳጥኖች አንዱን ባንዱ ውስጥ ከተትን። ገቡ። ደስ አለን። ስናወጣቸው አልወጡም፤ እንደ ባልዲ ተጣብቀው ቀሩ። አሰፋ አንዱን በእግሩ ረግጦ ሌላውን ሲጎትት በጀርባው ሰጋቱራው ውስጥ ወደቀ። እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥን ስሠራ እንዲህ ያለ ጣጣ አይቼ አላውቅም» አለ።

«ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸው አንድ ሳጥን ነዋ» አልኩት። ባልለው ይሻል ነበር።

ችግሩ እንዲህ ነው። ግድግዳው ብዙ ካዘመመ፣ ሞልተን ስንደረድር በሳጥንና በሳጥን መሃል ባዶ ቦታ ይቀራል። አየር አልጭንም ብዬ ተነስቼ አየር ልጭን ነው። ትንሽ ካዘመመ ደግሞ ይጣበቃል። ቀኑን ሙሉ መሃሉን ስንፈልግ ዋልን። በመጨረሻ ከውጭ በኩል በየማዕዘኑ ትንሽ እንጨት መታንበት፤ ሳጥኑ እስከዚያ ይገባና ይቆማል። አሁን በሁለት ጣት ይወጣል። ማን አሰበው? እኔ ነኝ። አሰፋ ደግሞ እኔ ነኝ ይላል። ይሁንለት።

ሌላ ትንሽ ድል፦ የጌታቸውን መኪና የመጫኛ ወርድ እንደገና ለካሁት። በፊተኛው ልኬ ዳር ላይ ባዶ ቦታ ይተርፍ ነበር፤ ሳጥን መንገድ ላይ የሚንገጫገጨው በዚያ ነው። ርዝመቱን ትንሽ አሳጠርኩት። አሁን በወርዱ አንድ ሳጥን ተጨምሮ ከዳር ዳር ጥብቅ ይላል፤ ጭድ መወተፍ ቀረ። በድሮው ልክ የተቆረጡትስ? አሰፋ «የዶሮ ቤት ይሆናሉ» አለና አኮረፈ።

ሲዘጋ ጠየቀኝ፦ «ሰይፉ ያውቃል? የሱንም ሳጥን የምሠራው እኔ ነኝ እኮ።»

«ያውቃል።»

መጋዙን አበሰ፣ ቦታው ሰቀለ። «ሐሙስ አስተርዮ ማርያም ናት፤ ምስማር አልመታም። ነገና ዓርብ ነው ያለሽ።»

እንቢ አላለኝም። ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ግራና። አንድ የሰይፉን ሳጥን፣ አንድ የኔን ይዤ።

ሐጂ ይማም ማሳቸው ዳር ቆመው ውሃ ያዞሩ ነበር። ሳጥኔን አዟዙረው አዩት። ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ እንደሚለኩ ዓይነት።

«አነሰች፣ ልጄ።»

«አዎ አነሰች፣ ሐጂ። እንድታንስ ብዬ ነው።»

«ሰው ግን ብዙ ሳጥን ሸጥኩ ሲል ትልቅ ትልቁ ነው ዓይኑ ላይ የሚመጣው።»

«ያ የተጨመረው ጣውላ ሁሉ ለአንቱ ምን ጨመረልዎ?»

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጡት። በሚዛን እንሸጥ አልኳቸው፤ የመስኖ ማኅበሩ ሚዛን አለው። ወደ ውሃቸው ዞሩ። ሐጂን በአፍ ማሳመን አይቻልም። አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሁለቱን ሳጥን የያዝኩት።

ሁለቱንም ከአንድ ማሳ ሞላንና ባጃጅ ላይ ጫንናቸው። እስከ አስፋልቱ ደርሶ መመለስ ነው፤ የግራናን ጠጠር የሚያውቅ ያውቀዋል። «ማንም እንዳይነካካው እኔው አብሬ እሄዳለሁ» አሉ። እኔ ቦታ አጣሁና ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።  ባደባባይ የሚፈርጠው የኔው ቢሆንስ?

ተመለሱ። የሰይፉን ሳጥን ስንገለብጠው ከሥሩ ቀይ ውሃ ወረደ። የኔን ገለበጥነው፤ ቲማቲሙ ሳሩ ላይ ተንከባለለ። አንዱ እስከ ቦዩ ድረስ ሄደ። ሐጂ ተከትለው ሄደው አነሱት፣ በጋቢያቸው ጠረጉት፣ ተጫኑት። ጠንካራ ነው።

ከዚያ ጣታቸውን ቀዩ ውሃ ውስጥ ነክረው አዩት። «ይህን ስልስ ነው ስሸጥ የኖርኩት?»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ሰይፉ ቲማቲምህ ልል ነው፣ ዘርህ ነው መጥፎ ይለኝ ነበር። ዘር ቀየርኩ። ደግሞ ቀየርኩ። ዘሩን ነው ስረግም የኖርኩት።»

የፈረጠውን ከሳሩ ላይ መልቀም ጀመርኩ።

«ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንለቅማለን» አሉ። «በሚዛን።»

ሰይፉ እንደከለከለኝ ግን አልነገርኳቸውም። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከመልቀማቸው በፊት መንገር አለብኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ። የመርሳ ግማሹ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። የአሰፋ ሱቅ ዝግ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ያልተሠሩትን ሳጥኖች አስባለሁ።

ጌታቸው ከወልድያ ደወለ። ጌታቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲፈራ ግን ድምፁ ይቀጥናል። ገና «ዙቤ» ሲለኝ አወቅኩ።

ሰይፉ ደውሎለት ኖሯል። የሷን ሳጥን ከጫንክ ከኔ ጭነት አትጠብቅ ብሎታል።

«ምን አልከው?»

«መኪናው የኔ ብቻ አይደለም እኮ፣ ወንድሜም አለበት።»

«ምን አልከው ነው ያልኩህ።»

«ምንም አላልኩም።»

ልጮህበት ነበር። ተውኩትና ጠየቅኩት፦ ከወልድያ ስትመለስ ምን ትጭናለህ? «ያው፣ ባዶ ሳጥን።» ወደ መርሳ የሚሄድ ቆርቆሮና ሲሚንቶ መንገድ ዳር ተከምሮ እያየህ? ባዶውን ስትመልስ ሰይፉ የሚሰጥህ ነዳጅህን ይሸፍናል? «አይሸፍንም።»

«እንግዲያ ሰይፉ የሚሰጥህ መሄጃህን ነው። መመለሻህን ወስዶብሃል።»

«አስብበታለሁ» አለ።

አስብበታለሁ ያለ ሹፌር አይመጣም፣ ወላሂ።

ካልመጣ፦ ሌላ መኪና። ሌላ መኪና እንቢ ካለ ባጃጅ፣ ተራ በተራ። ባጃጅ ካልሆነ ጋሪ። እሱም ካልሆነ ተሸክሜ። እንዲያውም ሰይፉ ፊት ተሸክሜ ብገባ ደስ ይለኛል።

ልተወው ይሆን የሚል ሐሳብም ከሰዓት በኋላ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የሰይፉን ሳጥን ተቀብሎ እንደ ድሮው መኖር፣ ማንም ምንም አይለኝም። ከዚያ የሐጂ ጣት ቀይ ሆኖ ታየኝ። ተነስቼ የዙሁር ሶላቴን ሰገድኩ። ሐሳቡ ሄደ።

ዓርብ፣ ጥር 22

አሰፋ ገና ሳይነጋ ከፍቶ ነበር። አዲሱ ልክ ያምራል። ብዛቱ ግን የመኪናውን ሁለት እጅ እንጂ ሙሉውን አይሞላም። ከሦስት ሁለት እጅ ማለቴ ነው። ይበቃል። የጎደለውን ከሰይፉ ሳጥን ጋር አልቀላቅልም፣ ጎዶሎዬን ይዤ እገባለሁ።

ሐጂ ከመስጊድ ሲወጡ ጠብቄ ነገርኳቸው። «ሐጂ፣ ወልድያ የሚቀበለን ላይኖር ይችላል። ሰይፉ አይራገፍም ብሎኛል። ረቡዕ ልነግርዎ ሲገባ አልነገርኩም።»

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ቲማቲሙ እዚህ ግንዱ ላይ ቢቆይስ ማን ይቀበለዋል?» አሉኝ። ቀጠሉ፦ «ደግሞ ለሰይፉ ስሸጥስ መቼ ተቀበለኝ? ነቅፎ ነው የሚወስደው። አብሽሪ።»

ሁለት ጎረቤቶቻቸውም መጡ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። ሚዛኑን ሐጂ ራሳቸው ያዙ። አንዱ ገበሬ የመርፌዋን መቆሚያ በጣቱ እየጠቆመ ደጋግሞ አነበበ። የገዛ ቲማቲሙን ክብደት ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ጌታቸው? ስልኩ ዝግ። ዓሥር ሰዓት ሆነ። ዝግ። የባጃጆቹን ልጆች ላናግር ስነሳ ከታች በኩል የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ወረደ፣ አላየኝም። የመጫኛውን ገመድ ይፈታ ጀመር።

 የመጀመሪያውን ሳጥን አቀበልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ማታ ነው፤ አሁን ገና ቁጭ አልኩ።

ጠዋት ተነሳን። መኪናው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ከኋላ የሚንገጫገጭ የለም። ጌታቸው ሲሪንቃ ላይ አቁሞ ወርዶ አየ። ጭነቱ የወደቀ መስሎት ነው።

ወልድያ። አውራጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አለቃቸው አበጀ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሲነሳ ወገቡን የሚይዝ ሰው። አልተነሳም። «እኛ የምናወርደው ሳጥን ነው። ይሄ ሳጥን አይደለም ተብለናል» አለኝ። ማን እንዳለው አልነገረኝም። ሰይፉ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

ፀሐዩ እየበረታ ነው። ቲማቲም ፀሐይ ላይ። ጌታቸው እኔን ያየኛል። ለምኚው የሚል ዓይን ነበር። አልለምንም።

መኪናው ላይ ወጣሁ። ሸራውን ገለጥኩ። አንዱን ሳጥን ሳብኩና ለጌታቸው ሰጠሁት፤ ሁለተኛውን ራሴ ይዤ ወረድኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ሳጥን። የሰይፉን ለማውረድ ሁለት ወንድና መሸከሚያ እንጨት ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ሁላችንም አበጀን ስንጠብቅ የኖርነው። ይሄን ያሰብኩት ሳጥኑን ስሠራ አይደለም። እዚያው እጄ ላይ ሲቀለኝ ነው የገባኝ።

እትዬ ብርቄ መጡ። መደብ ዘርግተው ቲማቲም የሚቸረችሩ ናቸው፤ የሰይፉን ሳጥን ሳይገልጡ ገዝተው፣ ከሥር የፈረጠውን ጥለው የሚኖሩ። ሳጥኔን ከላይ አላዩትም።

«ገልብጪው» አሉኝ።

ጆንያ ላይ ገለበጥኩት። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አገላበጡት። ፈለጉ። የፈረጠ አጡ።

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና መኪናው ሥር ቆሙ። «አቀብዪኝ።» ከዚያ ሌላዋ ቸርቻሪ። ከዚያ ሌላዋ። ሴቶቹ ተሰልፈው ከእጅ እጅ አወረዱት። እኔ ከላይ ሆኜ እንባዬን በክንዴ እጠርጋለሁ፤ ላብ ነው ብዬ።

ሰይፉ ከበሩ ጠራቸው። «ብርቄ፣ ነገ ሽንኩርት እኔ ጋ እንደምትፈልጊ አትርሺ።»

«ሽንኩርቱንም እንዲህ ገልብጠህ አሳየን» አሉት፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት።

ሁሉም አልተሸጠም። የተረፈውን እትዬ ብርቄ መደባቸው ሥር አስቀመጡልኝ። ባዶዎቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ ከተትን፤ የመኪናውን ፊተኛ ጥግ ብቻ ያዙ። ጌታቸው በባዶው መጫኛ መሃል ቆሞ ወዲያና ወዲህ አየ። በራሱ መኪና ውስጥ የጠፋበት ይመስል ነበር። ስንመለስ ኋላችን የሰው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነበር። ጌታቸው እስከ መርሳ ያፏጫል።

እሑድ፣ ጥር 24

ወገቤ፣ ትከሻዬ፣ መዳፌ። ስንጥር በየጣቴ። በመርፌ ሳወጣ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ አሰፋ መጣ። ቁጭ አላለም። ሰይፉ ሰው ልኮበታል። የኔን ዓይነት ሳጥን ሥራልኝ፣ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ፣ ግን ስንዝር ይርዘም ብሎ።

«ምን አልከው?»

«እሠራለሁ አልኩት።»

ያልተናገርኩት የለም። አብሮ አደግነታችንንም አነሳሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ዙቤ፣ እኔ አናጢ ነኝ። ሳጥን የምሠራው ላንቺ ብቻ ነው እንዴ? ደብቄ ብሠራ ይሻልሽ ነበር? መጥቼ ነገርኩሽ።»

ሄደ። እውነቱን ነው፤ ግን ዛሬ እውነት አልፈልግም። በኔ ሳጥን፣ በኔ ዘንግ፣ በኔ ካርቶን ተጠቅሞ እንደገና ጣውላ ሊጨምር። እራቴን አልበላሁም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ግራና ሄጄ ለሐጂ ነገርኳቸው። እንደሚበሳጩ ጠብቄ ነበር፤ ብስጭቴን የሚጋራ ፈልጌ።

አረም እየነቀሉ ሰሙኝ። «ስንዝር ይርዘም አለ?»

«አዎ ሐጂ።»

«ይርዘም። ግመል ያህል ይርዘም። ሚዛን ላይ አይደል የሚወጣው?»

 ሌሊቱን ስለ ጣውላ ሳስብ፣ ሳጥኑ ካሁን ወዲያ መስፈሪያ እንዳልሆነ ረስቼዋለሁ። በኪሎ ለሚሸጥ ሰው የሳጥን ቁመት ምኑ ነው? ቲማቲሙ ቢፈርጥም ተመዝኖ ከተከፈለ በኋላ የሚፈርጠው የሰይፉ ነው።

«ጎረቤቶቼም ያለ ሚዛን አንሸጥም ብለዋል» አሉ። «ለማንም። ላንቺም ቢሆን።»

«ለኔም ቢሆን» አልኩ።

ስመለስ አሰፋ ሱቅ ገባሁ። ይቅርታ ማለት አልችልበትም። የሚሠራውን አየሁና «ዘንጉ ጠሟል» አልኩት። «አልጠመመም» አለ። ተስማማን።

ማታ ላይ ሰይፉ ራሱ ደወለ። ድምፁ ማር። ሳጥኔን እንደሚቀበል፣ እንደ ድሮው እንደምንሠራ ነገረኝ፤ ግን ሳጥኖቹን ሸጬለት የሱ እንዲሆኑ ይፈልጋል። አልሸጥም አልኩት። «እንግዲያ ረቡዕ ስትመጪ የሚያወርድልሽ ፈልጊ» አለና ዘጋው። ሴቶቹን ሽንኩርት ከልክሏቸው ይሆን? አላውቅም። እትዬ ብርቄ ስልክ የላቸውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አበጀ ነው፣ የአውራጆቹ አለቃ። ሰው አጠገቡ አለ መሰለኝ፣ በሹክሹክታ ያወራል።

«ያ ሳጥን ሲሞላ ምን ያህል ይከብዳል?» አለኝ። ነገርኩት።  ከዚያ ስለ ወገቡ አወራኝ፤ ሐኪም ከባድ አታንሳ እንዳለው፣ ሥራው ማንሳት እንደሆነ፣ ለልጆቹ እንዳልነገረ። «ነገ እኔ እመጣለሁ። ሌሎቹን አላውቅም። ሰይፉም የሚለኝን አላውቅም።»

ልመነው? ቅዳሜ ግድግዳ ተደግፎ ያየኝ ሰው ነው። ሰይፉ አዞት ቢሆንስ? ወገቡን ሲይዝ ግን አይቻለሁ፤ ያ የውሸት አልነበረም።

ጌታቸው ይመጣል። ወንድሙም ለማየት አብሮ ይመጣል። ሐጂ ከነጎረቤቶቻቸው ለቅመዋል፤ ሳጥኖቹ አልበቃ ብለዋል።

አበጀ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ባይመጣ ደግሞ ከገበያ ወፍራም የሥራ ጓንት ገዝቻለሁ፣ ለኔ አንድ፣ ለእትዬ ብርቄ አንድ። ልክ ይሆነኛል። ለብሼው ነው ይሄን የምጽፈው።